ካሣ ሆኖ የመጣው ፋብሪካ

ውድ አንባቢ፣ ባሕር ዳር ሲባል መቼም በቅድሚያ ወደ ሐሳብዎ የሚመጣው ጣና ነው፤ ገዳማቱ፣ ታንኳውና ዘንባባው ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እምብዛም ትዝ አይልም። ይሁን እንጂ ያችን ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ካሳደጓት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ዛሬ ስለዚሁ ፋብሪካ ጥቂት ላጫውትዎት እወዳለሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ የሚነሣው ከጥጥ ሳይሆን ከጦርነት ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 አገራችንን ወርራ በ1941 ተሸንፋ ወጣች። በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ወሰነባት። ክፍያው ሲጓተት ቆይቶ፣ መጠኑም ቀንሶ፣ በ1956 ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ። ከካሣው ከፊሉ የቆቃ ግድብ ሆነ፤ ከፊሉ ደግሞ በ1961 በተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላይ ዋለ። በመርዝ ጋዝ ለተቃጠለው የወገን ገላ የተከፈለው ዋጋ፣ ገላ የሚሸፍን ጨርቅ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል፤ ያሳዝነኛልም።

ማሽን ያለ ኃይል አይዞርም። ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠርቶ በ1964 ሥራ ጀመረ። ፏፏቴው ለፋብሪካውም ለከተማዋም ብርሃን ሆነ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1963፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ሥራና ትምህርት ፈላጊው ከየገጠሩ እየመጣ ከተማዋን ሞላት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። በአገራችን መፍተል የሴቶች የቤት ውስጥ ሥራ ነበር፤ ደመወዝ የለውም። ሽመናም ቢሆን ሁሉም የሚለብሰው፣ ሠሪውን ግን ብዙው ሰው የሚንቀው ሙያ ነበር። ፋብሪካው ሲመጣ ያው መፍተልና ያው መሸመን በፈረቃ የሚገባበት፣ በወሩ መጨረሻ ፈርመው ደመወዝ የሚቀበሉበት የተከበረ ሥራ ሆነ። ይህን ለውጥ የውል ወረቀት አይነግረንም። የሚነግሩን ሠራተኞቹ ናቸው።

ከእነሱ አንዷ አክስቴ ናቸው። ሰማንያን ተሻግረዋል፤ የሚኖሩትም እዚሁ ስቶክሆልም፣ ልጃቸው ዘንድ ነው። በወጣትነታቸው በፈትል ክፍል ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ሥራቸው ምን እንደነበረ ብጠይቃቸው፣ «የተበጠሰ ክር መቀጠል» አሉኝ። ከስፌት ሣጥናቸው ክር አውጥተው በጠሱና ሁለቱን ጫፎች በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል አጠማዝዘው አንድ አደረጉት። ቋጠሮ አይታይበትም። «የተቋጠረ ክር ጨርቅ ላይ ያስታውቃል፤ ቅጥል እንደዚህ ነው» አሉኝ።

የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ምን እንዳደረጉበትም ጠየቅኋቸው። ለእናታቸው አቡጀዲ ገዙ። ዕድሜ ልካቸውን በእንዝርት የፈተሉት እናት ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተው ክሩን እየዳሰሱ፣ «ይህን ሁሉ በስንት ወር ፈተላችሁት?» አሉ። አክስቴ የአንድ ፈረቃ ሥራ እንኳ እንደማይሞላ ቢነግሯቸው አላመኑም። «እስኪሞቱ ድረስ የዋሸኋቸው ይመስላቸው ነበር» ብለው አክስቴ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን በዚያች ጥያቄ ውስጥ በእንዝርትና በሞተር መካከል ያለው ዘመን ሁሉ አለ።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ለምን አነሣሁት? ከስሉሰን ጥቂት እንደሄዱ፣ ሰደርማልም ውስጥ ሬፕስላጋርጋታን በሚባለው መንገድ ላይ፣ አንድ አሮጌ የሐር መሸመኛ ያገኛሉ። ክኑት አውጉስት አልምግሬን የተባለ ስዊድናዊ በ1833 የመሠረተው ነው። ሰውየው የዣካር መሸመኛን ምስጢር ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ፣ ፈረንሳዊ መስሎ ተምሮ እንዳመጣው ይነገራል። ከሠራተኞቹ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። ፋብሪካው በ1974 ተዘጋ። መሸመኛዎቹ ግን ለቁራጭ ብረት አልተሸጡም፤ ባሉበት ቆዩና በ1991 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ልጆቻችን ወደዚያ ቢሄዱ የስዊድን ሴቶች ሐር እንዴት ይሸምኑ እንደነበር ያያሉ። የገዛ አያቶቻቸው ባሕር ዳር ምን ይሠሩ እንደነበርስ ማን ያሳያቸዋል?

ሙዚየም እንሥራ አልልም፤ አቅማችንን አውቃለሁ። ነገር ግን ሙዚየሙ ከመሸመኛው በፊት የሚያስፈልገው የሰው ቃል ነው፤ እሱ ደግሞ በእጃችን አለ። በየቤታችን፣ በየለቅሶውና በየማኅበሩ ከሚቀመጡት አዛውንት መካከል ባሕር ዳር የሠሩ፣ ድሬዳዋ የሠሩ፣ አቃቂ የሠሩ፣ ኮምቦልቻ የሠሩ ይኖራሉ። እኛ ግን እነዚህን ሰዎች የምናውቃቸው እንደ እናት፣ እንደ አባት፣ እንደ ጡረተኛ እንጂ እንደ ባለሙያ አይደለም። ብዙዎቹም ማንም ስላልጠየቃቸው ሥራቸው ታሪክ መሆኑን አያውቁትም።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ በሚቀጥለው እሑድ ቡና ሲፈላ ይጠይቋቸው። በየትኛው ክፍል ነበሩ? ሥራውን ማን አስተማራቸው? በሌሊት ፈረቃ ልጅ ማን ይይዝላቸው ነበር? የመጀመሪያው ደመወዝ ምን ገዛ? የሚሉትን በስልክዎ ይቅዱት፤ ስማቸውንና ዓመቱን ይጻፉበት። ልጆችዎንም አጠገብዎ ያስቀምጧቸው፤ አማርኛው ሲያስቸግራቸው እርስዎ ያስረዷቸው።