የጣልነው ፊልም

ከፊክሰር ወተት መስሎ የወጣ ፊልም አልተበላሸም። ዴቬሎፐሩ ሥራውን ጨርሷል፣ ምስሉም እዚያው አለ፤ ብርሃን ያላገኘው የብር ጨው ብቻ ሟሙቶ ሳያልቅ ቀርቷል። መድኃኒቱ ሃይፖ በሚባለው አዲስ ፊክሰር ውስጥ መልሶ መንከር ነው፤ ያውም መብራት በርቶ፣ መስኮት ተከፍቶ። ይህን የሚነግረን ሰው ያገኘነው ፊልሙ ከቆሻሻ ጋር ከሄደ በኋላ ነው።

ፊልሙ የአጎቴ ነበር። አጎቴ በሙያው ፎቶ አንሺ አልነበረም፤ ከደመወዙ የተረፈውን ለፊልም የሚሰጥ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ካዛንቺስ ተወልዶ ካዛንቺስ አርጅቷል። ጎረቤቶቹ በሙሉ ወደ ከለር ሲሄዱ እሱ ግን «ከለር ውሸታም ነው» እያለ በጥቁርና ነጭ ጸና። በኋላ ጥቁርና ነጭ የሚያጥብለት ፎቶ ቤት ሲጠፋ የመጨረሻዎቹን ፊልሞች ሳያሳጥብ አስቀመጣቸው። ሲያርፍ ከሣጥኑ ሦስት ጥቅል ወጣ፦ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ፣ ኢልፎርድ ኤፍፒ4 ፕላስ እና ኮዳክ ቲ-ማክስ 400። በቲ-ማክሱ ዕቃ ላይ በእስክሪብቶ «ሰፈር» ብሎ ጽፎበታል።

እኔና የአክስቴ ልጅ እቤት ልናጥባቸው ተነሣን። ዴቬሎፐሩን፣ አይዲ-11 የተባለውን ዱቄት፣ ከዋሽንግተን የመጣች ዘመዳችን በሻንጣዋ ይዛልን መጣች። ሦስቱንም ፊልም በአንድ ታንክ ከተትናቸው።

ይህን የሰማ ሁሉ «እንዴት የተለያየ ፊልም አንድ ላይ ይታጠባል?» ይለኛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እሱ አይደለም። አይዲ-11 በእኩል ውሃ ተበርዞ በ20 ዲግሪ ሲሠራበት ኢልፎርድ ለኤችፒ5 13 ደቂቃ፣ ለኤፍፒ4 11 ደቂቃ ያዛል፤ ቲ-ማክሱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። 12 ደቂቃ ላይ ተስማማን። አንዱ ትንሽ ይሳሳል፣ ሌላው ትንሽ ይጠቁራል፤ ሣጥን ውስጥ ዓመታት ለከረመ ፊልም አንድ ደቂቃ ምን ታደርገዋለች? በመካከላቸው ፓን ኤፍ ፕላስ ቢኖር ነገሩ ሌላ ነበር፤ የእሱ ሰዓት 8 ደቂቃ ተኩል ስለሆነ ለብቻው መታጠብ ነበረበት።

ጉዳችን የፈላው ሁሉም ሰው ቀላል ነው ብሎ በሚዘናጋበት በፊክሰሩ ላይ ነው። ዴቬሎፐርን በሰዓቱ ታስቆመዋለህ፤ ፊክሰርን ግን እስኪጨርስ ትጠብቀዋለህ። ስለዚህ የተለያዩ ፊልሞች ፊክሰር ውስጥ አብረው ቢገቡ ችግር የለውም፣ መጠበቅ ያለበት የሁሉም ዘገምተኛ ነው። ከሦስቱ ዘገምተኛው ቲ-ማክስ ነበር፤ ከሌሎቹ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ ፊክሰሩንም ቶሎ ያደክመዋል። የእኛ ፊክሰር ደግሞ ሊዘጋ ከነበረ ፎቶ ቤት የተገኘ፣ ስንት ፊልም እንዳለፈበት የማይታወቅ ነበር። ጠርሙሱ ላይ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ይላል፤ እኛም 4 ደቂቃ ብለን አወጣነው። ከፊልሙ ጫፍ ቆርጦ ፊክሰሩ ውስጥ ጣል ማድረግ፣ እስኪጠራ የወሰደበትን ጊዜ መቁጠር፣ ያንን እጥፍ ማድረግ፣ ለቲ-ማክስ ሦስት እጥፍ ማድረግ፤ ፈተናው በቃ ይኸው ነው። በቀን ብርሃን፣ ሻይ እየጠጡ የሚሠራ ነገር።

ኤችፒ5ና ኤፍፒ4 ጠርተው ወጡ። የማናውቃቸው ሰዎች ሠርግ፣ የመሥሪያ ቤት ግብዣ፣ አንዲት ነጭ ቮልስዋገን ከአራት ጎን። «ሰፈር» የተባለው ወተት ለብሶ ወጣ። ወደ መስኮቱ አንሥተን አየነው፣ አንዳች ነገር አይታይም። የአክስቴ ልጅ «አርጅቷል፣ አለቀለት» አለ፤ እኔም አልተከራከርኩም። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ሴቶች ሲመጡ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር አስረከብናቸው።

የአክስቴ ልጅ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ሃይፖ ማለት ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው፤ ጆን ኸርሸል የብር ጨው እንደሚያሟሟ በ1819 እ.ኤ.አ. ያወቀው፣ ፎቶግራፍ በተወለደበት በ1839 ደግሞ ምስል ማጽኛ የሆነው ያው ነጭ ጨው። በአክስቴ ልጅ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ በትልቅ ጠርሙስ ተቀምጧል፤ ተማሪዎቹ የአዮዲን ልኬት ይሠሩበታል። ፊልሙን በጣልን በማግስቱ ክፍል ገብቶ ያንኑ ጠርሙስ እያነሣ አስተምሯል።

በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ካዛንቺስ ፈረሰ። አጎቴ የተወለደበት ግቢም፣ የቆርቆሮ አጥሩም፣ የጠጅ ቤቱ ደጅም ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው የድሮ ፎቶ ቤት ሠራተኛ ከነበሩ አንድ አዛውንት ጋር ተቀምጠን ነገሩን ያነሣሁት። ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ልጄ፣ መልሳችሁ ሃይፖ አላጠጣችሁትም?» አሉኝ። ምን እንደሚሉ ገብቶኝ መልስ አጣሁ። እሳቸው የሚኖሩት ከእኛ ቤት ሁለት ታክሲ ርቀት ላይ ነው፤ ፊልሙን ያጠብን ቀንም እዚያው ነበሩ።

ፊልሙ ላይ ምን እንደነበረ አላውቅም፤ ምናልባት ግማሹ ድመት ይሆናል፣ አጎቴ ድመት ያበዛ ነበር። ይህን ማሰብ ግን አያጽናናኝም፤ ድመቷም የተቀመጠችው ዛሬ በሌለ ደጃፍ ላይ ነው።

አባታችሁ ወይም አጎታችሁ የተዉት ያልታጠበ ፊልም ካላችሁ፣ ከማጠባችሁ በፊት ፊክሰራችሁን በቁራጭ ፊልም ፈትኑት። ወተት መስሎ ቢወጣባችሁ አትጣሉት፤ ዛሬውኑ አዲስ ሃይፖ በጥብጡና መልሳችሁ ንከሩት።