ቀለሙስ ተናገረ፣ ባለቤቷስ?

እናንተዬ! እኛ በአንዲት ነጠላ ፀጉር ሰው ወንጅለን እናውቃለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋዜጠኝነት ትምህርታችንን ጨርሰን ሥራ ስንፈልግ ለአራት አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። ለኪራይ አዋጥተን ቦርሳ ውስጥ ያስቀመጥነው ብር አንድ ጠዋት ጠፋ። ቦርሳው ውስጥ የተገኘችው ጫፏ ቀላ ያለ አንዲት ፀጉር ብቻ ናት። ያን ሰሞን ፀጉሯን ቀይ የተቀባችው ደግሞ አንዷ ጓደኛችን ናት። በቃ፣ ፈረድን! ልጅቷ በነጋታው ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

ሰሞኑን ስለ ፀጉር ቀለም ምርመራ ስናነብ ይህ ጉድ ትዝ አለን። ዲሚትሪ ኩሮውስኪ እና ሪቻርድ ቫን ዳይን የተባሉ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት ጥናት ነው። ፀጉሩ ላይ እንደ ወርቅ ያለ ማዕድን እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ይደረግና ሌዘር ይበራበታል። ከሚመለሰው ብርሃን ጥቂቱ የሞገድ ርዝመቱ ተለውጦ ይመጣል። ለውጡ እንደየቀለሙ ሞለኪዩል ይለያያል። ዘዴው ራማን ስፔክትሮስኮፒ ይባላል። ፀጉሩ የተቀባ ይሁን የተፈጥሮ፣ ቀለሙ ቶሎ የሚለቅ ይሁን የሚቆይ፣ የየትኛው ድርጅት ምርት እንደሆነም ይለያል።

«ያኔ ይህ መሣሪያ በኖረን!» አልን። ቆይተን ግን አፈርን። ለካ ልጅቷ ከተቀባችው የተረፈውን ሁለታችን ጫፍ ጫፉን ሞክረነው ነበር! መሣሪያው የሚነግረን ቀለሙን ነው። ቀለሙ ደግሞ ሦስት ራስ ላይ ነበር።

ከእኛም የባሰ አለ። ሳንቴ ትሪብል የተባለ የዋሽንግተን ዲሲ ሰው በ17 ዓመቱ ፈጽሞታል በተባለ ግድያ እ.ኤ.አ. በ1980 ተፈረደበት። የኤፍ.ቢ.አይ. ባለሙያ በማይክሮስኮፕ አይቶ «ፀጉሩ ይመሳሰላል» ብሎ መስክሮበት ነበር። ከ20 ዓመት በላይ ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው የዲኤንኤ ምርመራ ግን ከፀጉሮቹ አንዱም የእሱ እንዳልሆነ አሳየ። አንዱማ የውሻ ነበር!

አንድን ወሬ ከሁለት ምንጭ ሳታመሳክሩ አትጻፉ ተብለን አራት ዓመት የተማርን ሰዎች፣ በጓደኛችን ላይ አንድ ፀጉር በቃን። ብሩን ማን እንደወሰደው ዛሬም አናውቅም። የልጅቷ ስልክ ግን አለን። ይህን ጽፈን ስንጨርስ እንደውላለን… ታነሳልን ይሆን?