የቦራ መረብ

አብነት የሚኖር ሰው ስለ ፈረስና ስለ ድርቆሽ ለመጻፍ ብዕር ማንሣቱ ሳያስገርም አይቀርም። በእኛ ሰፈር የሸክም ባለሙያው አህያ ነው፤ እርሱም ቢሆን ዛሬ ዛሬ በአይሱዙውና በተሸካሚው ትከሻ መካከል መንገድ እየጠበበው ሄዷል። ፈረስማ ከዓይናችን ከራቀ ቆየ። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ካዛወረው ወዲህ መርካቶ ብዙ የጋማ ከብት አስተናግዳለች። ጭድ ተራ የሚባለው ስም የቀረልንም ከዚያ ኑሮ ይመስለኛል። ስሙን እየጠራን ታክሲ እንሳፈራለን፤ ጭዱን ማን ይበላው እንደነበር ግን አናስብም።

የአክስቴ ልጅ ከቢሾፍቱ ወጣ ባለች መንደር ዛሬም በፈረስ ጋሪ ይተዳደራል። ባጃጅ ብዙ ባለጋሪዎችን ከሥራ አውጥቷል፤ እርሱ የቀረው ባጃጅ በማይደፍረው የጭቃ መንገድ ላይ ነው። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስላለው «ቦራ» ይባላል። ቦራ አምስት ሰው ያበላል፤ ባልና ሚስቱን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አክስቴን።

ባለፈው ዓመት መገባደጃ ላይ ይህ ፈረስ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሆዱን ታመመ። የፈረስ ሆድ ቁርጠት አይታችሁ ከሆነ አትረሱትም። መሬቱን በሰኮናው ይጭራል፤ ዞሮ ጎኑን ያያል፤ ይተኛል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይንከባለላል፤ ላቡ እንደ ውሃ ይወርዳል። እንደ ውሻ አስታውኮ እንኳ አይገላገለውም፤ ጉሮሮው የተሠራው ወደ ታች ብቻ እንዲያሳልፍ ነው። በሦስተኛው ሌሊት ባለቤቱ ፋኖስ ይዛ፣ ልጆቹ በር ላይ ቆመው፣ የአክስቴ ልጅ ፈረሱን በልጓም እየሳበ ግቢውን ሲዞር አደረ።

ቢሾፍቱ በዚህ ረገድ የታደለች ከተማ ናት፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው እዚያ ነው፤ የጋሪ ፈረስና የጭነት አህያ የሚያክሙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም ሠርተውባታል። በማግስቱ ቦራን ያየው ወጣት ሐኪም መድኃኒቱን ከሰጠ በኋላ የጠየቀው ስለ መኖው ዓይነት ብቻ አልነበረም። «ስንት ሰዓት ይበላል? ስንት ሰዓት ይጨርሳል? ከዚያስ?» አለ።

«ከዚያስ?» የምትለዋ ቃል እኔንም ያዘችኝ።

የፈረስ ጨጓራ ለአካሉ እጅግ ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። የበሬ ትልቁ ከርስ ብቻውን ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል፤ በሬ ያንን ሞልቶ ይተኛና ሲያመሰኳ ያድራል። ፈረስ አያመሰኳም። ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ከ24ቱ ሰዓት 16 ያህሉን የሚያሳልፈው በመጋጥ ነው፤ ጥቂት ነጨት ያደርጋል፣ አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ደግሞ ጥቂት ይነጫል። ጨጓራውም በዚህ ተማምኖ አሲዱን ያለ ፋታ ያመነጫል፤ ፈረሱ በላም አልበላም ሥራውን አያቋርጥም። አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ ግን የሚፈስሰው ሲያኝክ ብቻ ነው። አፍ ሥራ ሲፈታ ምራቅ ይነጥፋል፣ አሲድ ይከማቻል፣ ጨጓራው ይቆስላል። በአንድ ጊዜ የተሰለቀጠ ፉርሽካ ወይም ገብስ ደግሞ በቅጡ ሳይፈጭ ወደ ኋለኛው አንጀት ወርዶ ይቦካል፤ ቁርጠቱን ያስነሣል፣ አልፎ ተርፎም ሰኮናን እስከ ማሳበጥ ይደርሳል።

አሁን የቦራን ቀን አስቡት። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጋሪ ይጠመዳል። ቀትር ላይ ፉርሽካ በጆንያ ከአንገቱ ይንጠለጠልለታል፤ እስከ ዓይኑ ገብቶ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ድርቆሽና የጤፍ ጭድ መሬት ላይ ይበተንለታል፤ ከፊሉን ይበላዋል፣ ከፊሉን ይረግጠዋል፣ ይሸናበታል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አልቋል። ከዚያስ? ከዚያማ እስኪነጋ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ባዶ ጨጓራውን ይዞ ይቆማል። ሰው ቢሆን ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ብለን የምናመሰግነው ሥርዓት ነው። እኛ በራሳችን ሆድ ልክ የሰፋነውን ሰዓት አለበስነው።

ፈረስን የምናከብር ሕዝብ ነን እኮ! ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው ያልናቸው በፈረሶቻቸው ስም ነው። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በጌጥ ያበደ ፈረስ ይዘው ሲወጡ አገር ይቆማል። የፈረሱ ስም ለጌታው ማዕረግ ሆኖ ተጽፎ ቀረ፤ ሣሩን አጭዶ ሌሊት እየተነሣ የሚጨምርለት አሽከር ግን ስሙ የትም አልተጻፈም። የፈረስን ጨጓራ ያውቅ የነበረው ግን እርሱ ነው። ቤተ መንግሥትና መኳንንት ሌሊት የሚነሣ አሽከር ነበራቸው፤ ባለጋሪ የለውም። ቀኑን ሲደክም የዋለ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥቶ ድርቆሽ ይጨምር ማለት በእርሱ ላይ መፍረድ ነው።

በውጭው ዓለም አሽከሩን የሚተካ ነገር አለ፦ መረብ። ድርቆሹን ጠባብ ቀዳዳ ባለው መረብ ሞልተው ይሰቅሉታል፤ ፈረሱ በከንፈሩ ጥቂት ጥቂት እየመዘዘ መኖውን ረዘም ላለ ሰዓት ያቆየዋል። ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ምሥጢር የለውም።

መረብ ለመፈለግ ደግሞ ከአብነት የተሻለ ሰፈር የለም። ጥቂት ብትራመዱ መርካቶ ነው። የሽንኩርት መረብ ጆንያ በየበረንዳው ወድቋል፤ ግን ስስ ላስቲክ ስለሆነ ተበጣጥሶ ሆድ ይገባል። የእግር ኳስ ጎል መረብም አየሁ፤ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ሁለት ሦስት እጥፍ ካልተደረበ አይሆንም። በመጨረሻ ገመድ ከሚገምዱ አንድ አዛውንት ዘንድ ደረስሁ።

«አባባ፣ ለፈረስ ድርቆሽ የሚሆን መረብ ይሠሩልኛል?»

«ልታጠምደው ነው ልታበላው?»

«ላበላው።» ነገሩን ከነመጠኑ አስረዳኋቸው። ጣታቸውን ገመዱ ላይ አድርገው ትንሽ አሰቡ።

«ልጄ፣ ፈረሱ የጠገበ ነው የተራበ?»

ስለ መረብ ካነበብሁት ሁሉ ይህች ጥያቄ ትበልጥብኛለች። የውጪው መረብ መጀመሪያ የታሰበው ለወፈረና ሥራ ለፈታ ፈረስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጋጣ ውስጥ ለሚውል፣ ለስስቱ ልጓም ለሚያስፈልገው። የእኛው የጋሪ ፈረስ ጎድኑ የሚቆጠር ነው፤ ለመብላት ያለውም ጊዜ ሌሊቱ ብቻ ነው። ቀዳዳውን እጅግ ብታጠብበት ሳይጠግብ ይነጋበታል፤ መታመሙ ቀርቶ መክሳት ይመጣል። አዛውንቱ ገጠር ተወልደው ፈረስ ያሳደጉ ናቸውና የሚሉትን ያውቃሉ። «እንግዲያው ሦስት ጣት ይግባበት» ብለው ወፍራም የናይለን ገመድ መረጡ። በሁለተኛው ቀን ሰጡኝ።

የአክስቴ ልጅ መረቡን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ወንድምዬ፣ የራበውን ፈረስ አፉን ልታስርብኝ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። መረብ ድርቆሽ አይወልድም። አንድ ሸክም ድርቆሽ መረብ ውስጥ ቢገባም አንድ ሸክም ነው። የሚያተርፈው የሚረገጠውንና የሚሸናበትን ነው፤ የሚጨምረው ሰዓት ነው። ስለዚህ የተስማማነው ማታ ግማሹን እንደ ወትሮው ልቅቅ አድርጎ እንዲሰጠው፣ ግማሹን በመረብ እንዲሰቅልለት ነው። ቦራ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ተቆጣ፤ መረቡን በግንባሩ ገፋው፣ ነክሶ አንገላታው። በሳምንቱ ከንፈሩ እንደ ጣት ሆነለት።

አሰቃቀሉ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ከፍ ካለ ፈረሱ አንገቱን ሰቅሎ ይበላል፤ አቧራውና እብቁ ዓይኑና አፍንጫው ውስጥ ይረግፋል። ተፈጥሮው አንገት ደፍቶ መጋጥ ነው። ዝቅ ካለ ደግሞ መረቡ ባዶ ሲሆን ስለሚንዘረጠጥ ሰኮናው ይገባበታል፤ የብረት ጫማ የተመታ እግር መረብ ውስጥ ከተያዘ ፈረስ በድንጋጤ እግሩን ይሰብራል። ባዶ ሆኖ እንኳ ከጉልበቱ በታች እንዳይወርድ አድርገን ደረቱ አካባቢ አሰርነው፤ ማሰሪያውንም፣ ፈረሱ ቢጎትት እርሱ እንዲበጠስ፣ ቀጭን ሲባጎ አደረግነው። ድርቆሹ ላይ ትንሽ ውሃ መርጨት አቧራውን ያበርዳል።

ከሁሉ የጠቀመው ግን ማታ አይደለም ባይ ነኝ። ጋሪ ተራው ላይ ባለጋሪ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ብዙ ይቆማል። የአክስቴ ልጅ አሁን ልጓሙን አውልቆ ትንሹን መረብ ባሕር ዛፉ ላይ ያስርለታል። በፊት ለቦራ የሚጣለው ሣር ከፌስታልና ከቆሻሻ ጋር ይደባለቅ ነበር፤ እንስሳ ፌስታል ውጦ ሲሞት ደግሞ ያላየ ባለጋሪ የለም። ዛሬ በሁለት ጉዞ መካከል አሥር ደቂቃም ቢሆን ንጹሕ ሣር ያኝካል። ፈረስ የተፈጠረውም እንዲህ ለመብላት ነው።

ከኅዳር ወዲህ ቦራ በብርቱ አልታመመም። መረቡ ነው የፈወሰው ልል አልደፍርም፤ በዚያው ሰሞን ቀን ቀን ሁለት ባልዲ ውሃ መጠጣት ጀምሯልና። ደረቅ ጭድ ያለ ውሃ አንጀት ውስጥ እንደ ጭቃ ግድግዳ ይደርቃል፤ ምናልባት በሽታው እርሱም ነበር።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። መረብ የሚይዘው ረጅሙን ድርቆሽ ነው፤ የጤፍ ጭድ ደቃቅ ስለሆነ በሦስት ጣት ቀዳዳ ይረግፋል። ድርቆሽ ደግሞ በሱሉልታ ሜዳ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ታጭዶ ሲከመር ነው የሚቀመሰው፤ ሰኔ ሲደርስ ለባለጋሪ ኪስ አይሆንም። ከምናለሽ ተራ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተሠራ ገንዳ ገዝቼ ላክሁለት፤ ከመረቡ ሥር አድርጎ የሚረግፈውን ጭድ ያጠራቅምበታል። ይህን ስጽፍ ክረምቱ ገብቷል። ትናንት ማታ ስልክ ብደውልለት መረቡ ግማሽ ሆኖ ተሰቅሏል አለኝ፤ ቦራ ድርቆሹን ከቀዳዳው መዝዞ ጨርሶ ገንዳው ውስጥ ያለውን ጭድ እየበላ ነበር።