ባንዲራ አይቀቀልም!

ሱፐርማርኬት ገብታችሁ የፓስታው መደርደሪያ ፊት ግራ ገብቷችሁ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? የአገር ውስጡ አለ፣ የቱርኩ አለ፣ ከላይ ደግሞ ዋጋው አናት የሚመታው የጣሊያኑ ተኮፍሶ ተቀምጧል። ታዲያ ብዙዎቻችን ምን እናደርጋለን? አረንጓዴ ነጭ ቀይ የተቀባውን እሽግ አይተን "ኦሪጅናሉ ይኼ ነው" እንልና ኪሳችንን እናራግፋለን። የከፈልነው ለባንዲራው ነው ማለት ነው። ባንዲራ ደግሞ አይቀቀልም!

ነገሩን ያነሳሁት በአንዲት ጓደኛዬ ምክንያት ነው (ስሟን ብጠራ ትገድለኛለች)። ልታገባው ያሰበችው ልጅ አክስት ሮም ውስጥ ሰው ቤት ሠርተው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረው የተመለሱ ሴት ናቸው። ልጁን ያሳደጉትም ያስተማሩትም እሳቸው ስለሆኑ የእሳቸው "እሺ" ከሌለ ሠርግ ብሎ ነገር የለም። እሷ ሆዬ እኚህን ሴትዮ ምሳ ጋብዛ ፓስታ ልታበላ! "ዶሮ ሥሪና ተገላገይ" ብላት "ከመጡ ጀምሮ ዶሮ ሰልችቷቸዋል" አለችኝ። እሺ፣ ልብ ካላት ምን አደርጋለሁ? ልናስመርጥ አብረን ሄድን።

በአንድ እጇ ባንዲራውና ወርቃማ ጽሑፉ የሚያብረቀርቀውን ያዘች። በሌላው እጇ ደግሞ ደብዘዝ ያለ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል፣ ዋጋውም ቀነስ ያለ ሌላ የጣሊያን ፓስታ። ዓይኗ ወርቃማው ላይ ነው። እኔ ደግሞ "ገልብጪያቸው" አልኳት።

ወገኖቼ፣ የፓስታ ጉዱ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ጥሩ ደረቅ ፓስታ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የዱረም ስንዴ ሰሞሊና እና ውሃ። ጣሊያንኛውን ካያችሁ "ሴሞላ ዲ ግራኖ ዱሮ" ይላል። ዱረም ጠንካራው ስንዴ ነው። ለዳቦ ከምናውቀው ስንዴ ይለያል፤ ሲቀቀል የማይፈርሰውም በዚህ ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ሕግ ደረቅ ፓስታ ከዱረም እንዲሠራ አዘዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ደንባቸው ወደ ውጭ አገር ለሚላክ ፓስታ ከዚያ የተለየ እንዲሠራም ይፈቅዳል። ስለዚህ "ከጣሊያን መጥቷል" የሚለው ብቻ አይበቃም፣ ጀርባውን አንብቡ። ስንዴው ራሱ እኮ ሁልጊዜ የጣሊያን አይደለም፤ ከካናዳ ሁሉ ይገዛሉ።

ቀጥሎ ፕሮቲኑን እዩ። ሕጋቸው የሚጠይቀው ዝቅተኛው 10.5 በመቶ ነው። በ100 ግራም ውስጥ 13 ወይም 14 ግራም ካለው ፈገግ በሉ። የጓደኛዬ ወርቃማ 11 ነበር፣ ደብዛዛው 14። እኔ ሳቅሁ፣ እሷ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ መልኩን። ፓስታ ቅርጹን የሚያወጣው ሊጡ በቀዳዳ ተገፍቶ ሲወጣ ነው። ቀዳዳው የነሐስ ከሆነ ፓስታው ሸካራ ይሆናል፣ ስጎውንም ቆንጥጦ ይይዛል። ቴፍሎን ከሆነ (የማይዘው መጥበሻችን ላይ ያለው ዓይነት) ልሙጥና አብረቅራቂ ሆኖ ይወጣል፣ ስጎው ከላዩ ተንሸራቶ ሳህኑ ሥር ይተኛል። "ትራፊላታ አል ብሮንዞ" የሚል ካያችሁ የነሐስ ነው። አድራቂውም ወሳኝ ነው። የጥንቱ ዘዴ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ከአንድ ቀን በላይ ቀስ እያለ ያደርቃል፤ የፈጣኑ ፋብሪካ በከፍተኛ ሙቀት በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል። ቀስ ብሎ የደረቀው ገረጣ ያለ የክሬም መልክ አለው። በጣም ቢጫ ሆኖ የሚያብለጨልጨው ነው እንግዲህ ዓይናችንን የሚያታልለው! የናፖሊ ጎረቤት የሆነችው ግራኛኖ በዚህ ሙያ ስሟ የገነነ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ ኅብረት የቦታ ስም ጥበቃ ሰጥቷታል። ፓስታዋ በነሐስ መውጣቱም ግዴታ ነው።

በእሽጉ መስኮት ስታዩ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ነጫጭ ነጥብ የበዛበት ከሆነ መልሱት። ጾመኞች ደግሞ "ኡኦቮ" የሚል ቃል ካያችሁ እንቁላል አለበት ማለት ነውና ተጠንቀቁ።

ጓደኛዬ አሁንም ፈርታለች። "ርካሽ ገዛች ቢሉኝስ?" ትላለች። "እሽጉ ገበታ ላይ አይቀርብ!" አልኳት። ደብዛዛውን ገዛን።

እሑድ እኔ ኩሽና ነበርኩ። ለአራት ሰው 400 ግራም፣ 4 ሊትር ውሃ፣ ለእያንዳንዱ ሊትር 10 ግራም ያህል ጨው። እሽጉ "11 ደቂቃ" ይላል። በ11ኛው ብነክሰው መሃሉ ገና ጥሬ ነው! አዲስ አበባ እኮ ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ የጣሊያኖቹ ደቂቃ እዚህ አይሠራም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨመርኩ። ሰዓት አትመኑ፣ ጥርሳችሁን እመኑ፤ ጣሊያኖቹም "አል ዴንቴ" የሚሉት ለጥርስ ማለታቸው ነው። ጓደኛዬ ማጥለያውን ይዛ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ስትሮጥ እጇን ያዝኳት። ሲታጠብ ስጎውን የሚያጣብቀው ስታርች አብሮ ይሄዳላ! እንዲያውም ከመቀቀያው ውሃ አንድ ጭልፋ ወስደን ስጎው ላይ ጨመርን።

ሴትየዋ አንድ ጉርሻ (ይቅርታ፣ አንድ ጥቅል በሹካ) ቀመሱ። ዝም አሉ። ጓደኛዬ ፊቷ አመድ መሰለ። ሁለተኛ ጠቀለሉ። ከዚያ "ልጄ፣ ይኼን ከየት ሱቅ ነው የገዛሽው?" አሉ። ሦስተኛ ሳህን ግን አልጠየቁም፣ ሁለት ብቻ ነው የበሉት።

ለአዘቦት ቀን እራት ግን ዶላር የተነካካ ነገር ምን አስሮጣችሁ? ዱረም እኮ አድአም፣ ባሌም ይበቅላል። የአገር ውስጡንም እሽግ እንዲሁ ገልብጡና አንብቡት፤ "ዱረም" የሚል ካለውና ፕሮቲኑ ደህና ከሆነ ውሃውን ጣዱ።