«ካምቢዮው ሞቷል» ከመባሉ በፊት

ጋራዥ ውስጥ ባለመኪናን እንደምታስደነግጥ ቃል የለችም፦ «ካምቢዮው ሞቷል።» ከዚህ በኋላ ሰውየው ወይ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ካምቢዮ ያፈላልጋል፣ ወይ መኪናውን በወረደ ዋጋ ይሸጣል። የሚያሳዝነው ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ያለ ምርመራ መሰጠቱ ነው።

የአንድ የሞላሌ ነጋዴ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። ሰውየው አውቶማቲክ ቪትዝ አለው። በመንዝ ሜዳ ላይ መኪናዋ ጤነኛ ናት። ከሸዋ ሮቢት ዕቃ ጭኖ፣ ደብረ ሲናን አልፎ የጣርማ በርን ዳገት ሲያያዘው ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም። ነዳጅ በሰጠ ቁጥር የሞተሩ ዙር ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ባለበት ይቀራል። ደብረ ብርሃን ላይ መጀመሪያ ያሳያት ጋራዥ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ፈረደባት፦ ካምቢዮ ይቀየር።

ሁለተኛው መካኒክ ወጣት ነው። መፍቻ ከማንሳቱ በፊት መጠየቅ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ሜዳ ላይስ ታስቸግርዎታለች?»

«ኧረ ሜዳ ላይ ምንም አትል።»

«አድራ ስትነሳ መሬቱ ላይ ዘይት አይተው ያውቃሉ?»

«ትንሽ ጠብታ አለች። ያረጀች መኪና ናት ብዬ ተውኩት እንጂ።»

የምርመራው ግማሽ እዚህ ላይ አለቀ። በማንዋል መኪና ፍሪሲዮን የሚታዘዘው በእግር ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ግን ፍሪሲዮኖቹን አጣብቆ የሚይዛቸው ፓምፕ የሚገፋው ዘይት ነው። ዘይቱ ከጎደለ፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ስታዘነብል የቀረው ዘይት ከመሳቢያው ይሸሻል፤ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ሜዳ ላይ ዘይቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ሕመሙም አብሮ ይጠፋል። የነጋዴው መኪና በሽታ ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ ማሸጊያ ማፍሰሱ ነበር። ማሸጊያው ተቀየረ፣ ትክክለኛው ዘይት በልኩ ተሞላ፣ መኪናዋም ዳገቱን ወጣች። እንደዚያው ጥቂት ወራት ተነድታ ቢሆን ኖሮ ግን ፍሪሲዮኑ ይቃጠልና የመጀመሪያው ጋራዥ እውነቱን ይሆን ነበር።

ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡት ከማንዋል መኪና ጋር ነው። የአገሩ መካኒክ ሙያም በማንዋል ላይ፣ በጆሮና በእጅ ተገነባ። ያ ሙያ ዛሬም ይጠቅማል። ነገር ግን በዘመናዊ መኪና ማርሽ መቼ እንደሚቀየር የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ምርመራው ቅደም ተከተል ይፈልጋል።

አንደኛ፣ ዘይቱ። የብዙዎቹ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ዘይት አዲስ ሲሆን ቀይና ጥርት ያለ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ፍሪሲዮኑ እየነደደ ነው። ወተት የገባበት ከመሰለ ውኃ ተቀላቅሏል፤ ብዙ ጊዜ ከራዲያተሩ በኩል የገባ ነው። ሲቪቲ የሚባለው፣ በቀበቶ የሚሠራው ካምቢዮ ደግሞ የራሱ ዘይት አለው፤ የሌላውን መሙላት በገንዘብ በሽታ መግዛት ነው። የዘይት መለኪያ ዘንግ የሌላቸው መኪኖችም አሉ፤ እነሱ የሚለኩት ዘይቱ በታዘዘው ሙቀት ላይ ሳለ ነው።

ሁለተኛ፣ ከካምቢዮው ውጭ ያለው። የለቀቀ ካንዴላ፣ የተደፈነ አየር ማጣሪያ፣ በጀሪካን የተገዛ የተበረዘ ቤንዚን መኪናን ያንገጫግጫሉ፤ ስሙ ግን ለካምቢዮው ይሰጣል። ከፍታውም አለ። ሞላሌ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከሩብ እስከ ሲሶ ያጣል። ኮምፒውተሩ ይህን ለማካካስ ዝቅተኛውን ማርሽ ይዞ ይቆያል፤ ሞተሩም ይጮኻል። መለያው ቀላል ነው። ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ከጨመሩ የጉልበት ማነስ ነው። ዙሩ ብቻውን ከወጣ መንሸራተት ነው።

ሦስተኛ፣ ባትሪና ሽቦ። የደከመ ባትሪ ወይም የዛገ ገመድ ኮምፒውተሩን ያሳስተውና ጤነኛውን ክፍል ታሟል ያሰኛል።

አራተኛ፣ የኮምፒውተሩ ንባብ። እዚህ ላይ አዲስ አደጋ አለ፤ ማሽን የያዘ ሁሉ መርማሪ ይመስላል። «ፒ0700» የሚለው ኮድ የሚናገረው የካምቢዮው መቆጣጠሪያ ብልሽት መመዝገቡን ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ በሌላ ኮድ ይፈለጋል። ተደጋግሞ የሚታየው «ፒ0741»ም መንስኤው ቫልቭ፣ ሽቦ፣ የቆሸሸ ዘይት ወይም ራሱ ቶርክ ኮንቨርተሩ ሊሆን ይችላል። ኮድ ጠቋሚ እንጂ ፈራጅ አይደለም። ኮዱን ሳይመዘግቡ ማጥፋት ደግሞ ማስረጃ ማጥፋት ነው። መኪናው በአንድ ማርሽ ብቻ አልቀይር ቢል እንኳ ኮምፒውተሩ ካምቢዮውን ከባሰ ጉዳት እየጠበቀው ሊሆን ይችላል። ካምቢዮ የሚፈታው ይህ ሁሉ ካለቀና የዘይት ግፊቱ ከተለካ በኋላ ነው።

ጉዳዩ የጋራዥ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን አስወደደ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ማርሽ የሚቀያይር ካምቢዮ የላቸውም፤ ለሞላሌው ነጋዴ ግን ይህ የሩቅ ነገር ነው። እጁ ላይ ያለችው ቪትዝ ዕድሜዋ መርዘም አለበት። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ አንዳንዴ ክፍት፣ አንዳንዴ ዝግ ነው። የተበላሸች መኪና አስጎትቶ አዲስ አበባ ማድረስ ከወጪው በላይ ስጋቱ ይከብዳል። የተሳሳተ ፍርድ እዚህ የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው።

ጥፋቱ ታዲያ የመካኒኩ ብቻ አይደለም። ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ከመድኃኒቱ በፊት ለካርድና ለላቦራቶሪ ይከፍላል። ጋራዥ ሲገባ ግን «ለማየት ብቻ ገንዘብ?» ብሎ ይቆጣል። አንድ ሰዓት ጠይቆ፣ ዘይት አሽትቶ፣ ሽቦ ለክቶ ማሸጊያ የቀየረ ባለሙያ የሚያገኘው ምስጋና ነው። ካምቢዮ ያስቀየረው ግን የእጅ ዋጋ አለው፣ ከመለዋወጫውም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ማሰብ የማይከፈልበት ሙያ ውስጥ መቀየር ይበዛል። ባለመኪናው ለምርመራ ለብቻው ይክፈል፤ በምላሹም የዘይቱ ሁኔታ፣ ኮዱና የግፊቱ ልኬት በወረቀት ተጽፎ ይሰጠው። ወረቀቱን ይዞ ሌላ ጋራዥ ማማከር ይችላል።

ያን ጊዜ «ካምቢዮው ሞቷል» ለሚል ሁሉ ባለመኪናው «በምን አወቅህ?» ብሎ ለመጠየቅ አፉን ሞልቶ ይናገራል።