ምንይሹን ይፋግ ላይ ሆኜ ስሰማት

ሰሞኑን ከምንይሹ ክፍሌ ዘፈን ሌላ አልሰማም። ሰፈር ውስጥ «ይቺ ልጅ ደግሞ ማን ናት?» ለምትሉኝ ሁሉ እዚሁ ልንገራችሁ።

ምንይሹ ድሬዳዋ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ድምፃዊትና ተወዛዋዥ ናት። ብሔራዊ ቴአትር ስትገባ ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። በ1996 እ.ኤ.አ. ወደ አውሮፓ ሄደች፤ መጀመሪያ ቤልጅየም፣ ከዚያ ኔዘርላንድስ። ስደት ስንቱን ድምፅ ዝም አሰኝቷል! እሷ ግን በ2002 «መባ» የተሰኘ አልበሟን አወጣች፤ በ2008 «ድሬዳዋ»፣ በ2013 «ብላክ ኢንክ»፣ በ2018 «ዳዴ»፣ በ2022 ደግሞ «ነፃ» ተከተሉ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ብዛቱ አይደለም። ከአውሮፓውያን ሙዚቀኞች ጋር እየሠራች እንኳ አማርኛዋን አልተወችም፤ የእኛን ምት ለፈረንጅ ጆሮ ብላ አላለሳለሰችውም። የአገራችንን የተለያዩ ሕዝቦች ዜማና ውዝዋዜ ይዛ መድረክ ላይ ስትወጣ የምታፍርበት ነገር የላትም። መሆን ያለበትም እንዲህ ነው። እኛ ጎንደሬዎች ማሲንቆና እስክስታ በደማችን አለ እንላለን፤ ልጆቻችን ግን ስቱዲዮ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያስቀምጡት ማሲንቆውን ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

የይፋግ፣ የአዲስ ዘመን፣ የደብረ ታቦር ልጆች፣ ለመዝፈን የምታስቡ ሁሉ፣ እባካችሁ ከ«ድሬዳዋ» ጀምራችሁ ስሟት። ከዚያ ማሲንቆውን ይዛችሁ ስቱዲዮ ግቡ።