ቆላና ደጋ በምዕራብ አሜሪካ

በካሊፎርኒያ ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ ዴዝ ቫሊ በሚባለው በረሃ ውስጥ፣ ባድዋተር የተሰኘ የጨው ሜዳ አለ። ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ 140 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ 4,421 ሜትር ከፍታ ያለው የዊትኒ ተራራ ይገኛል፤ ከአላስካ ተራሮች በቀር በአገሪቱ የሚበልጠው የለም። በጁን መጀመሪያ ሜዳው ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ተራራው ላይ በረዶው ገና ቀልጦ አላለቀም። እዚያው ዴዝ ቫሊ ውስጥ፣ ፈርነስ ክሪክ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1913 የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ እስከ ዛሬ የዓለም የሙቀት ክብረ ወሰን ሆኖ ይጠቀሳል።

የምዕራብ አሜሪካን ብሔራዊ ፓርኮች በመኪና ሊዞር የተነሳ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ እቅዱን የሚጀምረው ካርታ ዘርግቶ ማይል በመቁጠር ነው። ከላስ ቬጋስ ዛየን ስንት ሰዓት ይፈጃል? ከዛየን ብራይስ ካንየንስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የከፍታው ጉዳይ ነው። ለዚህ ደግሞ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ከብዙዎች የተሻለ ዝግጁ ነው። አገሩን በቆላ፣ በወይና ደጋና በደጋ ከፍሎ ያደገ ሰው፣ ጠዋት ደብረ ብርሃን ጋቢ ደርቦ ከሰዓት በኋላ አዋሽ ላይ ሸሚዙን ሲከፍት የኖረ ሰው፣ አየሩን የሚወስነው የወሩ ስም ብቻ አለመሆኑን አስቀድሞ ያውቃል።

አንድ ማስተካከያ ግን አለ። የዬሎስቶን ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,357 ሜትር ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ሐይቁ በበረዶው ወራት ሙሉ በሙሉ ይረጋል፤ የሚለቀውም በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን መጀመሪያ ነው። ሞንታና ውስጥ ባለው በግሌሸር ፓርክ፣ ተራራውን አቋርጦ የሚያልፈው ዝነኛ መንገድ ከፍተኛው ቦታ ሎጋን ፓስ ሲሆን 2,026 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። መንገዱ ግን ከዳር እስከ ዳር የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ጁን ሊያልቅ ሲል ወይም ጁላይ ሲገባ ነው። ምክንያቱ ከምድር ወገብ ያለው ርቀት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስትሆን ሎጋን ፓስ ከ48 ዲግሪ በላይ ነው። ወደ ሰሜን በተጓዙ ቁጥር ደጋው ወደ ታች እየወረደ ይመጣል ብሎ ማሰብ ይረዳል።

ይህ ከገባ የዓመቱ አከፋፈል ራሱን ይገልጣል። ከማርች እስከ ሜይ፣ እንዲሁም ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር፣ የቆላው ወቅት ነው፦ ዴዝ ቫሊ፣ ዛየን፣ አርችስ፣ ካንየንላንድስ። ጁላይና ኦገስት የደጋው ናቸው፦ ግሌሸር፣ ዬሎስቶን፣ ግራንድ ቲተን፣ ሮኪ ማውንቴን። በሮኪ ማውንቴን ፓርክ ውስጥ የሚያልፈው ትሬል ሪጅ የተባለው አውራ ጎዳና 3,713 ሜትር ድረስ ይወጣል፤ ዴንቨርና ኦሮራ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቅርብ ስለሆነ ለአንድ ቀን እንኳን ሊሄዱበት ይችላሉ፤ ግን በአብዛኛው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ሜይ መጨረሻ ዝግ ነው። በዮሰሚቲ በ3,031 ሜትር ላይ የሚያቋርጠው የታዮጋ መንገድም እንዲሁ ነው። በሜይ መጀመሪያ ከላስ ቬጋስ ተነስቶ በታዮጋ አድርጎ ዮሰሚቲ ሸለቆ እገባለሁ ያለ ቤተሰብ የተዘጋ በር ይገጥመውና ዙሪያውን ለመሄድ አንድ ሙሉ ቀን ያጣል።

ችግሩ ልጆች ትምህርት የሚዘጋላቸው በበጋው ወራት መሆኑ ነው። ወላጆች የዓመት ፈቃዳቸውን በጁላይ ያወጡና ዛየንንም፣ አርችስንም፣ ግራንድ ካንየንንም፣ ዬሎስቶንንም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊያዩ ይነሳሉ። መኪና መንዳት ብቻ ከሆነ ይቻላል። ማየት ከሆነ ግን አይቻልም፤ ቢያንስ እነዚህ ቦታዎች የሚገባቸውን ያህል አይታዩም። በጁላይ አርችስ ውስጥ ሙቀቱ 38 ዲግሪ መድረሱ የተለመደ ነው፤ ዴሊኬት አርች የተባለውን ቅስት ለማየት ደግሞ ጥላ በሌለው ዓለት ላይ ሽቅብ መሄድ ግድ ነው። ጁላይ ብቻ ያለው ቤተሰብ ቆላውን ለሌላ ዓመት ትቶ ወደ ሰሜን ቢያቀና ይሻላል። መተው የእቅዱ ከባዱ ክፍል ነው፤ የሚክሰውም እሱ ነው።

ለቆላው ጉዞ ላስ ቬጋስ የታወቀ መነሻ ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለው። ከተማዋ ትልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ አላት፤ የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 አንዱን አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ሰይሞታል። እንጀራው ከዚያ ይጫናል። ከላስ ቬጋስ ዛየን 160 ማይል ገደማ ነው፤ ከዛየን ብራይስ 85፣ ከብራይስ አርችስ አጠገብ ያለችው ሞዓብ ከተማ 270 ገደማ። ከሞዓብ በናቫሆ ሕዝብ ምድር አቋርጦ ግራንድ ካንየን፣ ከዚያም ወደ ላስ ቬጋስ ሲመለሱ ዙሩ 1,100 ማይል ገደማ ይሆናል። በናቫሆ ምድር ሰዓት መጠንቀቅ ያሻል፦ የአሪዞና ግዛት በበጋ ሰዓቱን አይቀይርም፣ የናቫሆ መንግሥት ግን ይቀይራል። በቀጠሮ የሚገባበትን ጉብኝት በአንድ ሰዓት ልዩነት ማጣት ቀላል ነው።

ግራንድ ካንየን ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሸለቆው 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ በሰፊው ቦታ 29 ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ጥልቀቱ ከ1.6 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የደቡቡ ጠርዝና የሰሜኑ ጠርዝ በአየር የሚራራቁት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ግን 215 ማይል ገደማ ተዙሮ ነው የሚደረሰው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቀን አይቶ ለማደር ማቀድ ትርፉ ድካም ነው። የሰሜኑ ጠርዝ ከፍ ያለ ስለሆነ በበረዶው ወራት ይዘጋል፤ በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በመብረቅ የተነሳ ሰደድ እሳት ታሪካዊውን የእንግዳ ማረፊያ አቃጥሎታል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲጓዝ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው እዚህ የሚሆነውን ያውቀዋል፦ ጠርዙ ላይ ነፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፣ በወረዱ ቁጥር ወበቁ ይበረታል። ልዩነቱ እዚህ የሚወረደው በእግር መሆኑ ነው። መውረዱ አይከብድም፤ ድካሙ የሚመጣው ሲመለሱ፣ ውኃው ሲያልቅና ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ነው። የፓርኩ ጠባቂዎች እስከ ወንዙ ወርዶ በዚያው ቀን ለመመለስ እንዳይሞከር አጥብቀው የሚመክሩት ለዚህ ነው። ትልልቅ ሰዎችን ይዞ የሄደ ቤተሰብ ጠርዙ ላይ ባለው መንገድ ቢረካ ምንም አይቀርበትም።

ወደ ደጋው ሲኬድ ስሌቱ ይለወጣል። ዬሎስቶን ውስጥ ዋናው የዙሪያ መንገድ 142 ማይል ነው። በአውራ ጎዳና ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ይመስላል፤ ነገር ግን ፍጥነቱ በሰዓት ከ45 ማይል አይበልጥም፣ የጎሽ መንጋ አስፋልቱ ላይ ሲተኛም መኪናው ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል። ከጎሽ 23 ሜትር፣ ከድብና ከተኩላ 91 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። በዓለም ካሉት ወደ ላይ የሚፈናጠሩ ፍልውኃዎች ግማሽ ያህሉ እዚህ ናቸው። ፍልውኃ ሲባል መታጠብና መዳን የሚታየው ሰው እዚህ ሐሳቡን መለወጥ አለበት፤ ውኃው ከሚፈላበት ደረጃ የደረሰባቸው ጉድጓዶች ብዙ ናቸው፣ ዙሪያቸው ያለው መሬትም ስስ ቅርፊት ነው። ሕፃን ከእንጨት መተላለፊያው አንድ እርምጃ እንኳን እንዲወጣ አይፈቀድም፤ እጁን ይዞ መሄድ ነው።

ነዳጅ ሲገኝ መሙላት ያስፈልጋል። ዩታ ውስጥ በአይ 70 አውራ ጎዳና ከግሪን ሪቨር እስከ ሳሊና ባለው 110 ማይል ያህል መንገድ ማደያም ምግብ ቤትም የለም። ስልክም በብዙ ቦታ ስለማይሠራ ካርታውን አስቀድሞ ስልኩ ላይ ማውረድ ይበጃል።

ስንቅን በተመለከተ የአገር ቤት ጥበብ ሙሉ በሙሉ ያገለግላል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ማቀዝቀዣ አይፈልጉም። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሚውል በዚያ ሰሞን የሚጓዝ ጾመኛ ቤተሰብ በየመንገዱ የጾም ምግብ ፍለጋ ከሚንከራተት ሽሮውን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። ብቻ የድቡ ነገር አይረሳ። ዮሰሚቲ ውስጥ ሌሊት ምግብ መኪና ውስጥ ማሳደር ክልክል ነው፤ ድቦቹ በር ገንጥለው ይገባሉ። በርበሬም፣ ሳሙናም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ ሽታ ያለው ሁሉ ለዚሁ በተሠራው የብረት ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ዬሎስቶን ውስጥ ያዙ የሚባለው ድብ ማባረሪያ የሚረጭ ቆርቆሮ ዮሰሚቲ ውስጥ የተከለከለ መሆኑም መታወቅ አለበት።

የመግቢያው ነገር ቀላል ነው። በሁሉም የፌዴራል ፓርኮች ለአንድ ዓመት የሚያገለግለው ካርድ ለአሜሪካ ነዋሪ 80 ዶላር ነው፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ነዋሪ ላልሆነ ሰው 250 ዶላር ሆኗል። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያለው ቤተሰብ ግን በልጁ ስም ለዚያ ዓመት በነፃ ይገባል፤ ይህን ዕድል የማያውቁ ወላጆች ብዙ ናቸው።

ፓርኮቹ ሰው ያልነበረባቸው ባዶ ምድር አልነበሩም፤ ይህንን ልጆች ከመንገዱ በፊት ቢያውቁት መልካም ነው። ዬሎስቶን እ.ኤ.አ. በ1872 የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን የሾሾኒ ሕዝብ ወገኖች እዚያው ይኖሩና ያድኑ ነበር። ከፓርኩ ተራሮች አንዱ ለረጅም ዘመን የተጠራው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1870 በብላክፊት ሕዝብ ላይ በተፈጸመ ጭፍጨፋ በተካፈለ መኮንን ስም ነበር፤ በ2022 ስሙ ተነስቶ «የቀዳሚ ሕዝቦች ተራራ» ተባለ። በሲኮያ ፓርክ ደግሞ ሰው ከ84 ሜትሩ የጄኔራል ሸርማን ዛፍ ሥር ቆሞ ሽቅብ ሲያይ፣ ሠረገላ ወደዚያ ጫካ እንዲደርስ መንገዱን ያስጨረሰው ማን እንደሆነ ሊነገረው ይገባል። በኬንታኪ በባርነት የተወለደው ካፒቴን ቻርልስ ያንግ ነው። በ1903 በጋ ጥቁር ወታደሮቹን ይዞ ሥራውን አስፈጸመ፤ ብሔራዊ ፓርክ በማስተዳደርም የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ።

ፓርኮቹ ከኢትዮጵያ ጋር ዝምድናም አላቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ዬሎስቶንና የስሜን ተራሮች ፓርክ አብረው ገቡ። ኋላ ሁለቱም በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ሰፍረው ነበር፤ ዬሎስቶን ከ1995 እስከ 2003፣ ስሜን ከ1996 እስከ 2017። በስሜንም ዋልያና ጭላዳ እንዲተርፉ ሲባል የግጭ መንደር ሰዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ዳርቻ ተዛውረዋል። ተፈጥሮን መጠበቅ የነዋሪን ዋጋ የሚጠይቅበት ታሪክ ሁለቱም አገር አለ። በዚያው የ1978 መዝገብ ላይ ላሊበላና ኮሎራዶ ውስጥ ያለው ሜሳ ቨርዴም ይገኛሉ። የፑዌብሎ ሕዝቦች አባቶች ከገደል ሥር የድንጋይ ቤቶቻቸውን የሠሩት በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት ነው፤ የላሊበላ ዐለት ሲፈለፈል የነበረበት ዘመን ማለት ነው። ሜሳ ቨርዴ በብዙ ሰው የጉዞ እቅድ ውስጥ ስለማይገባ ይቀራል። ለኢትዮጵያዊ ልጅ ግን ከአንድ ተጨማሪ ቀይ ሸለቆ ይልቅ እሱ ብዙ ይናገራል።

ልጆቹ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡለት ወይም ያደጉለት ቤተሰብ ቀኑን መምረጥ ከቻለ እንቁጣጣሽ ሰሞንን ቢይዝ ይመከራል። ከሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ፣ ከሠራተኞች ቀን በኋላ፣ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤቱ ስለሚመለስ ግፊያው ይቀንሳል፤ የዩታ ሙቀት ይበርዳል፣ የሰሜኑ ተራራ መንገዶችም በአብዛኛው ገና አልተዘጉም። ቆላውንና ደጋውን በአንድ ጉዞ ማገናኘት የሚቻለው በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ነው። በፓርኮቹ ውስጥ ካሉት የድንኳን ቦታዎች ብዙዎቹ በመንግሥቱ የማስያዣ ድረ ገጽ የሚለቀቁት ከስድስት ወር በፊት ስለሆነ፣ ለመስከረም 1 የሚያዘው መጋቢት 2 ጠዋት ነው፤ ተፈላጊዎቹም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃሉ። የትኛው ፓርክ እንደሚገባና የትኛው እንደሚቀር ቤተሰቡ ከዚያ በፊት፣ በየካቲት፣ መስማማት ይኖርበታል።